«ዓሣ አይደል፣ ይሞታል» ተብለን ለተመለስንበት ጽሕፈት ቤት

ግልጽ ደብዳቤ

ለክፍለ ከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ በመሀል አዲስ አበባ የጌጥ ዓሣና የአኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ መስታወት) ዕቃ ለምትሸጡ ሁሉ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

ከሁለት ወር በፊት ሦስት ሆነን፣ አሥራ አንድ ሰው የፈረመበት ማመልከቻ ይዘን ቢሯችሁ ድረስ መጥተን ነበር። መዝገብ ቤት ማኅተም መትቶ ተቀበለን። ወደሚመለከተው ክፍል ስንወጣ የተቀመጡት ባለሙያ ርዕሱን አንብበው ቀና አሉና «ዓሣ ሞተብን ነው የምትሉት?» አሉን። አዎ አልን። «ዓሣ አይደል፣ ይሞታል» ብለው ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኛ ገፋ አደረጉት። ከኋላችን ወረፋ የያዘ ሰው ነበርና ወጣን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመላልሰን «ባለሙያው ስብሰባ ናቸው» ተብለናል። ስለዚህ ያንኑ አቤቱታ ዘርዘር አድርገን በአደባባይ ጻፍነው።

ዓሣ እንደሚሞት እናውቃለን። ያመለከትነው ከዓሣው ጋር አብሮ ስለተሸጠልን ምክር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ዕቃው ክንፍና ስንጥብ ካለው ይህ መብት ይቀራል የሚል አንቀጽ ፈልገን አላገኘንም።

እኛ በካዛንቺስ፣ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በሜክሲኮ አካባቢ የምንኖር ወይም የምንሠራ፣ ቤታችን ወይም መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ዓሣ የምናረባ ሰዎች ነን። የአፀደ ሕፃናት መምህርት አለች፤ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ የካፌ ባለቤት፣ ተማሪዎችም አሉን። ሁለቱ ሰፈራቸው በልማት ሲነሣ የቤት ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው፣ ዓሦቻቸውን በባልዲ ጭናቸው ላይ አድርገው የሄዱ ናቸው። ለዓሣ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው እንዳለ ባለሙያው ቢያውቁ ምናልባት እንዲያ ባልመለሱን ነበር።

ከመምህርቷ እንጀምር። ለክፍሏ ልጆች ብላ 60 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ከመሀል ከተማ ሱቅ ገዛች። ሻጩ በዚያው ቀን፣ በዚያው ፌስታል፣ አሥራ ሁለት ጎልድ ፊሽ አስያዛት። «ውኃውን ሞልተሽ ወዲያው ጨምሪያቸው» አላት። በአራተኛው ቀን ዓሦቹ በሙሉ ውኃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ደወለችለት። «ርቧቸው ነው፣ ምግብ ጨምሪላቸው» አላት። ጨመረች። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሲገቡ አራቱ በጎናቸው ተንሳፍፈዋል፣ ውኃው የእጣቢ መልክ ይዟል። አንዷ ልጅ ጠበል እንርጫቸው አለች። ዓርብ ሲደርስ አንድ ቀረ። ሻጩም «አንዳንዴ እንዲህ ነው» ብሎ ሌላ አሥራ ሁለት በቅናሽ ሊሰጣት ተዘጋጅቶ ነበር።

ዓሦቹ የሚበሉት አልጎደላቸውም ነበር። ዓሣ ከስንጥቡም ከኩሱም አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ስንጥብን ያቃጥላል፣ ዓሣውም አየር ያጥረዋል። በቆየ አኳሪየም ውስጥ በፊልተሩ (በውኃ ማጣሪያው) ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም። ተራብተው ሥራቸውን እስኪይዙ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። የቆየ አኳሪየም ካለው ሰው የፊልተር ስፖንጅ ቁራጭ ተውሶ ማስጀመር ይቻላል፣ እርሾ ከጎረቤት እንደመዋስ ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሻጭ አኳሪየሙን ዛሬ ይሸጣል፣ ዓሣውን ግን ሰንብቶ፣ ሁለት ሦስት እያደረገ ይሰጣል። የእኛው ሻጭ ሁሉንም በአንድ ደረሰኝ ጨረሰው። ደረሰኝ ስንልም ለአነጋገር ነው፤ አልሰጣትም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ የአንድ ሱቅ ይሁን የሁሉም ለማወቅ ሰባት ሱቅ ዞርን። በየሱቁ የያዝነው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ለልጄ ልደት 20 ሊትር የሚይዝ ክብ ብርጭቆ ገዝቻለሁ፣ ምን ላድርግበት?»

በስድስቱ ሱቆች መልሱ በእጅ ነው የመጣው። ጥያቄያችንን ሳንጨርስ መረቡ ውኃ ውስጥ ገባ። አንዱ ጎልድ ፊሽ ስድስት ይበቃሃል አለ። ሌላው ጎልድ ፊሽንና ቤታ የሚባለውን ዓሣ ቀላቅሎ ሊሰጠን ነበር፤ አንዱ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ሌላው ሙቅ ውኃ የሚፈልግ መሆኑ ትዝ አላለውም። ሦስተኛው ፌስታል አልቆበት ዓሣውን በሃይላንድ ፕላስቲክ አፍ አጠበበውና አስገባው። ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ሲዘጋ ዓሣዋ ጭራዋን አጥፋ ከታች ተቀምጣ ነበር፤ የገባችበት አፍ ከሰውነቷ አይሰፋም። ጎልድ ፊሽ ምን ያህል ትኖራለች ብለን ስንጠይቀው «ከሦስት ወር አታልፍም፣ ተፈጥሮዋ ነው» አለን። በደንብ የተያዘች ጎልድ ፊሽ አሥርም ሃያም ዓመት ትኖራለች። እንግሊዝ አገር 43 ዓመት ኖራ በ1999 እ.ኤ.አ. የሞተች አለች። ሦስት ወር የዓሣዋ ተፈጥሮ ሳይሆን የብርጭቆው ዕድሜ ነው።

ሰባተኛው ሱቅ ጠባብ ነው፣ ከፎቅ ሥር። ሻጩ ልጅ እግር ነው። ጥያቄያችንን እስከ መጨረሻው ሰማና ጠየቀን፦ «ብርጭቆው ፊልተር አለው? ቤታችሁ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል? ውኃ በፈረቃ ነው?» ከዚያ «ለዚህ ብርጭቆ ዓሣ አልሸጥልህም፣ ተክል አድርግበት። ልጁ ዓሣ የግድ ካለ ሌላ አኳሪየም ፈልግና ውኃውን አዘጋጅተህ ተመለስ» አለ። ያን ቀን ከእኛ አንድ ብር አላገኘም። ዛሬ ምግቡንም ፊልተሩንም የምንገዛው ከእሱ ነው። ሱቅ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የምንልበት መለኪያችን ይኸው ነው፦ ከመሸጡ በፊት ይጠይቃል ወይ? ካላመነበትስ «አልሸጥልህም» ማለት ይችላል ወይ? የመስታወቱን ንጣትና የመብራቱን ቀለም ማየት ትተናል።

ልጁ የጠየቃቸው ጥያቄዎች የአዲስ አበባ ጥያቄዎች ናቸው። ሌሎቹ ሱቆች የሚነግሩን በዕቃው ካርቶን ላይ የተጻፈውን ነው፤ ካርቶኑ ደግሞ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ ከተማ ነው። «ለ1 ጋሎን 1 ኢንች ዓሣ» የሚለውን ሕግ ሁላችንም ከሱቅ ሰምተናል። እዚያም ቢሆን ሸካራ ሕግ ነው። እኛ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። በባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ በዚያው ሙቀት የሚይዘው 6 ገደማ ነው፤ አየሩ ራሱ ስስ ነውና። ካርቶኑ አሥር ዓሣ ካለ እኛ ሰባት ማለት፣ አየር የሚነፋ ፓምፕም መጨመር ይገባናል። ይህን የነገረን ሻጭ የለም።

ብርዱም አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ የከተማችን ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የክሊኒኳ እንግዳ ተቀባይ ቤታ ዓሣ ገዝታ ከፊት ለፊቷ ካለው ባንኮኒ ላይ በብርጭቆ አስቀምጣ ነበር። ሻጩ «ይሄ ፋይተር ነው፣ ኩባያ ውኃ ይበቃዋል፣ ሂተር (የውኃ ማሞቂያ) አያስፈልገውም» ብሏታል። ከፊሉ እውነት ነው፦ ቤታ ከስንጥቡ ሌላ ከላይ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ኦክስጅን ባነሰው ውኃ ይቆያል። የመጣው ግን ከታይላንድና ከጎረቤቶቿ ሙቅ ረግረግና የሩዝ ማሳ ነው፤ 25 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ኅዳር ላይ ጠዋት ስትገባ ቴርሞሜትሩ 16 ያሳያል፣ ዓሣው ከሥር ተጋድሟል። ፎቶ አንሥታ ላከችለት። «ሰነፍ ነው፣ ይተኛል» አላት። ሂተርም እዚያው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነበረ፤ መሸጥ እንኳ ያልፈለገው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ይገርመናል።

መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ ብለን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ «ይመጣል» ነው። ፊልተር ለሰዓታት ሲቆም ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አጥተው መሞት ይጀምራሉ፤ መብራቱ ሲመለስ ያ ሁሉ ቆሻሻ ተገፍቶ ዓሦቹ ላይ ይመጣል። ስለዚህ መብራት ቆይቶ ከመጣ ስፖንጁን አለቅልቆ ማስነሣት፣ እስከዚያው ምግብ አለመስጠት፣ ባትሪ ፓምፕ ከሌለ ደግሞ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ውኃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማንቆርቆር ነው። ገንዘብ አይፈጅም። ጡረተኛው ሾፌራችን አንድ ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲያ ሲያንቆረቁሩ አድረው አንድም አልሞተባቸውም፤ ባለቤታቸው ግን እስካሁን ይስቁባቸዋል።

የውኃው ምክር ከሁሉ የከፋ ነው። «በሳምንት አንዴ ሙሉውን ድፋና አዲስ ሙላ፣ ፊልተሩን በበረኪና እጠብ» የሚሉ ሁለት ሱቆች አጋጥመውናል። የቧንቧችን ውኃ ክሎሪን አለው። ለእኛ ጤና ነው፣ ለዓሣ ስንጥብና ለፊልተሩ ባክቴሪያ ግን መርዝ ነው። ፈረቃው ደርሶ ቧንቧው እንደ መጣ የተቀዳ ውኃ አንዳንዴ ገና ከባልዲው ይሸታል። አፉ ሰፊ ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ከፍቶ ማሳደር፣ ወይም ክሎሪን የሚያጠፋውን ጠብታ መጠቀም፣ በሳምንትም ከውኃው አንድ አምስተኛውን ወይም ሩቡን ብቻ መቀየር፣ ስፖንጁንም ከአኳሪየሙ በተቀዳው ውኃ ማለቅለቅ ነው ያለበት። የካፌው ባለቤት በበረኪና ያጠበ ዕለት ማታ ያሉት ዓሦች በሙሉ አለቁ። በደንበኞቹ ፊት፣ የእራት ሰዓት ላይ።

ስለ መድኃኒት የምንለው ዓሣን ብቻ የሚመለከት ስላልሆነ እባካችሁ ልብ ብላችሁ አንብቡት። የሾፌራችን ሞሊ የሚባሉት ዓሦች ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። ሻጩ «ፋርማሲ ሂድና ቴትራሳይክሊን ግዛ፣ ሁለት ፍሬ ፈትተህ ጨምርበት» አላቸው። ነጭ ነጠብጣቡን የሚያመጣው ጥገኛ ተውሳክ ነው፤ ቴትራሳይክሊን የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው። ተውሳኩን ሳይነካ የፊልተሩን ባክቴሪያ ሊያዳክም ይችላል፤ ያኔ አሞኒያው ተመልሶ ይመጣል። የሚሻለው ሙቀቱን ቀስ እያሉ እስከ 30 ዲግሪ ማድረስ፣ በልኩ ጨው መጨመርና አየሩን ማብዛት ነበር፤ ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ። ለሰው የተሠራ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ተገዝቶ፣ ባልዲ ውስጥ ተበጥብጦ፣ መጨረሻው ፍሳሽ ማስወገጃ ነው። ይህን የሚመክር ሱቅ የዓሣ ሱቅ ፈቃድ ይዞ የፋርማሲ ሥራ እየሠራ ነው።

መጨረሻ ላይ «ጽዳቱ» የሚሉት ዓሣ አለ። መስታወት ላይ በአፉ ተለጥፎ አልጌ የሚግጠው፣ ጠቆር ያለው። ሲሸጥ እንደ ጣት ነው፤ «የሌሎቹን ኩስ ይበላልሃል፣ ማጽዳት ቀረልህ» ይባላል። ኩስ አይበላም፤ እንዲያውም ራሱ ብዙ ይኮሳል። አድጎ እስከ 40 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ታዲያ ይህን ያህል ሲሆን የት ይሂድ? ከአንድ ሱቅ ያገኘነው መልስ «ወንዝ ልቀቀው፣ ይኖራል» የሚል ነበር። የቀበና ውኃ ወደ አቃቂ፣ አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽ ደግሞ ቆቃ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ሞቃቱ ቆላ ይዘልቃል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ ቆቃንም ጣናንም ምን እንዳደረገ አገር ያውቃል፤ እሱም በብዙ አገር የተሠራጨው ለጌጥ ተብሎ ነው። የዚህ ዓሣ ዘመዶች ሜክሲኮ ውስጥ፣ አገሩን ማለታችን ነው እንጂ አደባባዩን አይደለም፣ ኢንፊየርኒዮ የሚባል ግድብ ገብተው የቲላፒያ አስጋሪዎቹን መረብ በራሳቸው ሞልተውታል። እኛም ቆቃና ዝዋይ ላይ ከቲላፒያ፣ በእኛው አጠራር ከቆሮሶ፣ የሚኖር ሕዝብ አለን።

የባለሱቆቹን ችግር አናጣውም። ኪራዩን እናያለን፤ ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው፤ በአውሮፕላን ከመጣው ዓሣም ገና ሳይሸጥ የሚያልቅ አለ። ባንኮኒው ጋር የቆሙት ልጆች አብዛኞቹ ያስተማራቸው ሰው የለም፤ አለቃ የነገራቸውን ይደግማሉ፣ ኮሚሽናቸውም በተሸጠው ልክ ነው። ስለዚህ በልጆቹ ላይ ክስ የለንም። ሆኖም ዓሣው በሞተ ቁጥር ደንበኛ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ፣ ትክክለኛውን ምክር መስጠት ለማን ይጠቅማል? እዚህ ላይ ነው ጽሕፈት ቤታችሁ የሚፈለገው።

ከእናንተ የምንጠይቀው ይህ ነው። ማመልከቻችን ተመዝግቦ እንደማንኛውም የሸማች አቤቱታ መልስ በጽሑፍ ይሰጠን፤ «አይመለከተንም» ከሆነም የሚመለከተው ማን እንደሆነ ተጽፎ ይሰጠን። የዓሣ ሱቆች በየአኳሪየሙ ላይ ስለሚሸጡት ዓሣ ሦስት ነገር በአማርኛ ጽፈው እንዲለጥፉ አድርጉ፦ አድጎ የሚደርስበት ርዝመት፣ የሚያስፈልገው ትንሹ የውኃ መጠን በሊትር፣ የሚኖርበት ሙቀት። ደረሰኝ ይሰጥ። የሰው መድኃኒት በቃል ማዘዝ እንዲቆም በደብዳቤ አሳውቋቸው። ለቁጥጥር ስትወጡ ከሚዛኑና ከፈቃዱ ጋር ይህንንም እዩ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከእናንተ ከባለሱቆቹ ደግሞ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። አዲስ አኳሪየም ለሚገዛ ሰው ዓሣውን በዚያው ቀን አትሽጡለት፤ ካልሆነም ሁለት ብቻ ስጡትና ለምን እንደሆነ ንገሩት። የአሞኒያ መመርመሪያ አምጡ፤ እኛ ከእናንተ እንገዛለን። ያደገባቸውን ዓሣ መልሰው ለሚያመጡ ሰዎች ተቀበሏቸው፣ በነፃም ቢሆን፣ ወንዝ አትላኩ። በመብራት መጥፋት፣ በክሎሪንና በብርድ ላይ አንድ ገጽ የሚሆን መመሪያ መምህርቷ ጽፋ አዘጋጅታለች። ፎቶ ኮፒውን እኛ እንችላለን፤ እናንተ ከፌስታሉ ጋር ማስያዝ ብቻ ነው።

ማኅተም ያረፈበት የማመልከቻችን ቅጂ በእጃችን ነው። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይዘነው እንመጣለን፤ ባለሙያው ስብሰባ ከሆኑ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በመሀል አዲስ አበባ የሚኖሩና የሚሠሩ የቤት ውስጥ ዓሣ አርቢዎች ስብስብ አስተባባሪ
የአፀደ ሕፃናት መምህርትና የስብስቡ ጸሐፊ